ልጆች አፍ የሚፈቱት እንዴት ነው? ስለ ቋንቋ መልመድና ንግግር መስማት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወላጆች፣ አያቶችና መምህራን ስለ ልጆች አንደበት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ተነሥተው ወደ ከባዱ እንዲሄዱ ሆነው ቀርበዋል።

ሕፃን ንግግር መስማት የሚጀምረው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ገና ሳይወለድ ነው። የፅንስ ጆሮ በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት ድምፅ ይቀበላል፤ ይሁንና በማሕፀን ውስጥ ቃል ጥርት ብሎ አይሰማም። ከግድግዳ ወዲያ ሰዎች ሲያወሩ እንደምንሰማው ሁሉ፣ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው የንግግሩ ዜማ፣ ከፍ ዝቅ ማለቱና ምቱ ነው። አንቶኒ ደካስፐርና ዊልያም ፋይፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው አራሶች የጡጦ ጫፍ እየጠቡ፣ የአጠባባቸውን ስልት በመለወጥ ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን ድምፅ ለመስማት እንደሚመርጡ አሳይተዋል። እናት አራስ ልጇን "እሹሩሩ" ስትለው ልጁ የሚሰማው አስቀድሞ የሚያውቀውን ድምፅ ነው።

ፒተር አይማስና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የአንድ ወርና የአራት ወር ሕፃናት "ባ"ን ከ"ፓ" ለይተው እንደሚሰሙ አረጋግጠዋል። አንደበቱ አንዲት ቃል ከማውጣቱ ብዙ ወራት አስቀድሞ የሕፃኑ ጆሮ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።

በስንት ዓመቱ መናገር አለበት? የጎረቤት ልጅ ቀደመብን።

አብዛኞቹ ልጆች በስድስት ወር አካባቢ "ባባባ"፣ "ማማማ" እያሉ ድምፅ ይደጋግማሉ፤ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ወይም ከዚያ ወዲህና ወዲያ የመጀመሪያዋን ትርጉም ያላት ቃል ያወጣሉ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ "እማዬ ውኃ"፣ "አባ ሄደ" እያሉ ሁለት ቃል ያያይዛሉ። በጤነኛ ልጆች መካከል የሁለትና የሦስት ወር ልዩነት የተለመደ ስለሆነ የጎረቤት ልጅ መለኪያ አይሆንም። ከንግግሩ ይልቅ መረዳቱን ማየት ይበጃል፤ "ጫማህ የታለ?" ሲባል ወደ ጫማው የሚያይ የአንድ ዓመት ልጅ ምንም ቃል ባያወጣም ቋንቋውን ይዞ እየሄደ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። "ልጁ ስንት ቃል ያውቃል?" ተብሎ የሚቆጠርበት ልማድ በአብዛኛው የመጣው ቃላታቸው አጫጭር ከሆኑ ቋንቋዎች ነው። በአማርኛ "አልፈልግም" የምትለው አንዲት ቃል እምቢታውንም፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነም፣ ድርጊቱንም በአንድነት ትይዛለች። "አምጪልኝ" የምትል ልጅ ለማን እንደምትናገርና ነገሩ ለማን እንዲመጣ እንደምትፈልግ በዚያችው ቃል ውስጥ አስገብታለች። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የቃላት ቁጥር ትንሽ ቢመስልም በውስጡ ያለው ሰዋስው ትንሽ ላይሆን ይችላል።

"ቀ"ን "አ"፣ "ረ"ን "የ" ይላል። ልናርመው ይገባል?

የልጅ አንደበት ኮልታፋ የሚሆነው ጆሮው ስለተሳሳተ ሳይሆን ምላሱ፣ ከንፈሩና ጉሮሮው ገና ስላልተቀናጁ ነው። ይህን በቤታችን በግልጽ አይቼዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሳለ ቁልፍን "ኡልፍ" ይል ነበር። አንድ ቀን አጎቱ አስመስሎት "ኡልፉን ላምጣልህ?" ቢለው፣ ልጁ ተቆጥቶ "ኡልፍ አይደለም፣ ኡልፍ!" አለው። በራሱ ጆሮ ሁለተኛው "ቁልፍ" ነበር። አጎቱ አስተካክሎ "ቁልፍ ነው እንዴ?" ሲለው ፊቱ ፈካ፤ "አዎ፣ ኡልፍ" ብሎ እጁን ዘረጋ። ትክክለኛውን ድምፅ በአእምሮው ይዞታል፤ አንደበቱ ግን አላደረሰውም።

እንዲህ ያለውን ልጅ "በል ድገመው፣ ቀ በል" እያሉ ማስጨነቅ ከመናገር ያሸሸዋል። ቃሉን አስተካክሎ በወሬው መሐል መልሶ ማሰማት ይበቃል፦ "ቁልፉን ፈልገህ ነው? ቁልፉ እኮ ጠረጴዛው ላይ ነው።" እንደ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ያሉ ጉሮሮ ተዘግቶ በግፊት የሚወጡ ድምፆችና "ረ" ዘግይተው ቢስተካከሉ አያስደንቅም። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶት እንግዳ ሰው አብዛኛውን ንግግሩን መረዳት ካቃተው ግን ባለሙያ ቢያየው ይሻላል።

ምላሱ ታስሮ ቢሆንስ? እንጥሉን ማስቆረጥ ይረዳዋል?

አይረዳውም። እንጥል ማስቆረጥ ለልጁ አንደበት የሚጨምረው ነገር የለም፤ መድማትን፣ ቁስለትንና ኢንፌክሽንን ግን ያስከትላል፤ ሕፃናት ለሞት የተዳረጉበትም ድርጊት ነው። ከምላስ ሥር ያለው ቀጭን ሥጋ ማጠሩ በአንዳንድ ልጆች ላይ ጡት መጥባትን ወይም ጥቂት ድምፆችን ሊያስቸግር ስለሚችል ሐኪም አይቶ ይወስናል። ነገር ግን ቃል የማይረዳ ወይም ከነአካቴው የማይናገር ልጅ ምክንያቱ ከምላሱ ሥር አይገኝም። መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጆሮው ነው።

ድንገት መንተባተብ ጀመረ። ደንግጦ ይሆን?

ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ መንተባተብ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ የሚጀምረውም ልጁ ረዘም ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን መገንባት በሚጀምርበት ወቅት ነው። አብዛኞቹን በራሱ ጊዜ ይተዋቸዋል። "ቀስ በል፣ ተረጋጋ" ማለትም ሆነ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ መጨረስ አይጠቅምም፤ ዓይኑን እያዩ እስኪጨርስ መጠበቅ ይሻላል። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ፣ ከቤተሰቡ እስከ አዋቂነት የተንተባተበ ሰው ካለ ወይም ልጁ ራሱ በመናገር መሸማቀቅ ከጀመረ ግን ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

"አባቱም ዘግይቶ ነው አፍ የፈታው" ይሉናል። መቼ ነው መጨነቅ ያለብን?

ይህ ማጽናኛ ብዙ ልጆችን ውድ ጊዜ አስከፍሏል። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች በጥቂቱ እንደሚዘገዩ እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ዓመት የሚያስጠብቅ አይደለም። በ12 ወሩ "ባባባ" የማይል፣ በጣቱ የማያመለክት፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፤ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል የማያያይዝ ልጅ ሊታይ ይገባል። በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ይናገራቸው የነበሩ ቃላትን የተወ ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ምርመራው ከመስማት መጀመር አለበት። በር ሲንኳኳ ዞር የሚል ልጅ "ጆሮው ደኅና ነው" ይባላል፤ ሆኖም ወፍራም ድምፅ እየሰማ እንደ "ሰ" እና "ፈ" ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች የማይሰማ ልጅ አለ። ጆሮው እየተመላለሰ የሚመግል ልጅም ለሳምንታት ያህል ንግግርን ውኃ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማ ሰው ሊሰማ ይችላል። ጨርሶ የማይሰማ ልጅ ቢሆንም ቋንቋ ይቀርበታል ማለት አይደለም። በምልክት ቋንቋ የሚያድጉ ሕፃናት ሌሎቹ በአፋቸው "ባባባ" በሚሉበት ዕድሜ በእጃቸው ተመሳሳይ ድግግሞሽ ያደርጋሉ። ልጁን የሚጎዳው ምንም ዓይነት ቋንቋ ሳይደርሰው ዓመታት ማለፋቸው ነው።

ከዩቲዩብ እንግሊዝኛ ለመደ። ከቴሌቪዥን ቋንቋ መልመድ ይቻላል?

ቀለማትንና ቁጥሮችን በእንግሊዝኛ አሳምሮ የሚዘረዝር፣ ውኃ ሲጠማው ግን የእናቱን እጅ ጎትቶ ወደ ማድጋው ከመውሰድ በቀር የሚለው የሌለው የሦስት ዓመት ልጅ ዛሬ በብዙ ቤት አለ። ወላጆቹ መዘርዘሩን እንደ ንግግር ይቆጥሩታል። ቃልን መድገምና በቃል መጠየቅ፣ እምቢ ማለት፣ መመለስ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው።

ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ይህን በሚገባ ያሳያል። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። ከፊሎቹ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ መጽሐፍ እያሳየ ከሚያጫውታቸው ሰው ሰሙ፤ ከፊሎቹ ያንኑ ንግግር በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ ሰሙ። ከሰው የሰሙት የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ። ከቪዲዮው የሰሙት ግን ቻይንኛ ፈጽሞ ካልሰሙት ሕፃናት አልተሻሉም። ሕፃን ከንግግሩ ጋር የተናጋሪውን ዓይን፣ የሚያመለክትበትን እጅና ለእሱ ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ ይፈልጋል። ስልክ ደግሞ ልጁ ዝም ቢልም ባይልም መናገሩን ይቀጥላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይላል። ልጁ ቡና ሲፈላ አጠገብ ተቀምጦ "ረከቦቱን አምጪ፣ ሲኒው ይታጠብ፣ ውይ ገነፈለ!" የሚለውን መስማቱ፣ በመሐሉም "አንተስ ምን ትላለህ?" መባሉ ከየትኛውም የልጆች ፕሮግራም ይበልጥ ያስተምረዋል።

ሁለት ቋንቋ አያደናግረውም? በቤት እንግሊዝኛ ብቻ ብናወራው አይሻልም?

በዓለም ላይ ከአንድ በላይ ቋንቋ ሰምቶ ማደግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ኢትዮጵያማ በድሬዳዋ ወይም በሐዋሳ ሰፈር ውስጥ ከቤት አንድ፣ ከጎረቤት ሌላ፣ ከትምህርት ቤት ሦስተኛ ቋንቋ ይዞ የሚገባ ልጅ የተለመደ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚለምድ ልጅ በእያንዳንዱ ያለው የቃላት ብዛት አንድ ብቻ ከሚናገረው ሊያንስ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ግን አያንስም። ሁለት ቋንቋ የንግግር መዘግየት በሽታ አያመጣም፤ እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅም አንዱን ቋንቋ በመንጠቅ አይድንም።

ልጁ ሁለቱን ሲቀላቅል ግራ የተጋባ ይመስላል። በአሜሪካ የሚያድግ ልጅ "ቦሉን ስጠኝ" ሲል እንመልከት። "ቦል" እንግሊዝኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ የገባችው "ኡን" ግን አማርኛ ናት፤ ዓረፍተ ነገሩም በግስ ማለቁ አማርኛ ነው። የጎደለውን አንድ ቃል ከሌላው ጓዳ ተበድሮ በአማርኛ ሕግ ሠራበት እንጂ ሕጎቹን አላምታታም።

እንግሊዝኛው ደከም ያለ ወላጅ በቤቱ እንግሊዝኛ ብቻ ለመናገር ሲወስን የሚሆነውን ማየት ያሳዝናል። በአማርኛ ተረት የሚተርት፣ የሚያባብል፣ የሚገሥጽ፣ የሚቀልድ ሰው በእንግሊዝኛ "ና፣ ቁጭ በል፣ ብላ፣ ተው" ብቻ ይቀረዋል። ልጁ ያጣው አማርኛን ብቻ አይደለም፤ ረዥምና የበለጸገ ንግግርን ጭምር ነው። እንግሊዝኛውን፣ ዕብራይስጡን ወይም ዐረብኛውን ትምህርት ቤቱና መንገዱ ያመጡለታል፤ ወላጁ ሊሰጠው የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ነገር ራሱ አሳምሮ የሚናገረው ቋንቋ ነው።

ማንም ሳያስተምረው "ምጣ" ይላል። ከየት አመጣው?

ከራሱ ነው። "ይውጣ" ካለ "ውጣ" ይባላል፤ ታዲያ "ይምጣ" ካለ "ምጣ" መባል አለበት። አዋቂ ሁሉ "ና" ስለሚል ልጁ "ምጣ"ን ከማንም ሊሰማው አይችልም። ሕጉን ከሰማቸው ግሶች አውጥቶ፣ ሕጉ በማይሠራበት ቦታ አስገባው። እንዲህ ያለው ስሕተት መልካም ዜና ነው።

ጂን በርኮ እ.ኤ.አ. በ1958 ልጆች ሰምተዋቸው የማያውቁ የፈጠራ ቃላትን እየሰጠች ብዙ ቁጥራቸውን ጠይቃ፣ ልጆቹ በትክክል እንደሚያረቧቸው አሳይታለች። በአማርኛ መሞከር ቀላል ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ የማይታወቅ እንስሳ ሥለው "ይህ ዙጥ ይባላል፤ አሁን ሁለት ሆኑ፣ ሁለት ምን?" ይበሉት። "ዙጦች" ካለ ያንን ቃል ከማንም አልሰማውም።

ጾታም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ "ነይ"፣ "ብዪ"፣ "ተኚ" ስትባል የምትውል ልጅ አባቷን "አባዬ ነይ!" ብትል ስሕተት የሚመስለው ለእኛ ነው፤ እሷ የሰማችው መጠሪያ ያ ብቻ ነው። ሌሎች ለወንድሟ "ና" ሲሉ እየሰማች በሄደች ቁጥር ትለየዋለች።

በንግግር መሐል ክፍተት የለም። ጆሮ አንዱን ቃል ከሌላው እንዴት ይለያል?

በጽሑፍ በቃላት መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ ንግግር ግን እንደ ወንዝ ተያይዞ ይወርዳል። የማናውቀው ቋንቋ በጣም ፈጣን የሚመስለን ድንበሮቹን ማግኘት ስለሚያቅተን ነው። "ትናንት አበባየሁ" ሲባል ሰው ተጠርቶ ይሁን አበባ ታይቶ የሚታወቀው ቀጥሎ በሚመጣው ነው፤ "መጣ" ካለ ስም ነበር፣ ዝም ካለ ደግሞ አበባ አይቷል። አዋቂ ይህን በቃላት እውቀቱ ይፈታዋል። ቃል የሌለው ሕፃንስ?

ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት የስምንት ወር ሕፃናት ትርጉም የሌለው ተያያዥ ንግግር ሁለት ደቂቃ ብቻ ሰምተው የትኞቹ ድምፆች ሁልጊዜ አብረው እንደሚመጡ ይለያሉ። "እንጀራ ብላ"፣ "እንጀራ ስጠኝ"፣ "እንጀራ አለቀ" በሚባልበት ቤት "እን" ካለ "ጀ"፣ "ጀ" ካለ "ራ" ይከተላል፤ ከ"ራ" በኋላ ግን ምንም ሊመጣ ይችላል። ድንበሩ እዚያ ነው።

የአማርኛ ጆሮ ሌላም ሥራ አለበት፦ መጥበቅና መላላት። "ነፍስ ይማር" እና "ልጁ ይማር" በፊደል አንድ ናቸው፤ አንዱ "ማ" ላልቶ፣ ሌላው ጠብቆ ይነበባል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ልጁ ግን ፊደል ከመቁጠሩ ዓመታት በፊት በጆሮው ለይቶታል።

በጫጫታ ውስጥ ግማሹን ሳንሰማ እንዴት እንግባባለን?

አእምሮ የጎደለውን ስለሚሞላ ነው። ሪቻርድ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1970 ከተቀዳ ንግግር ውስጥ አንድ ድምፅ ቆርጦ በቦታው ሳል አስገባ፤ አድማጮቹ የጠፋውን ድምፅ እንደሰሙት አመኑ፣ ሳሉ የትኛው ድምፅ ላይ እንዳረፈም በትክክል ማመልከት አልቻሉም።

ዓይንም ይሰማል። ሃሪ መገርክና ጆን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1976 "ባ" የሚል ድምፅ "ጋ" ከሚል የሰው አፍ ምስል ጋር ሲያጣምሩ ብዙ ሰዎች "ዳ" ሰሙ። በኮሮና ጊዜ ከማስክ ጀርባ የሚናገር ሰው ለመስማት አስቸጋሪ የሆነው ድምፁ በመታፈኑ ብቻ ሳይሆን ከንፈሩ በመሸፈኑም ነበር።

ከዚህም በላይ አድማጭ ቀጣዩን ቃል ይገምታል። "እንጀራውን በካልሲ በላ" የሚል ዓረፍተ ነገር ሲሰማ አእምሮ ከእንግዳው ቃል 400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ በኤሌክትሪክ መለኪያ የሚታይ ምልክት ይሰጣል፤ ይህ ዓይነቱን ምልክት ማርታ ኩታስና ስቲቨን ሂልያርድ እ.ኤ.አ. በ1980 አግኝተውታል። ግስ መጨረሻ በሚመጣበት በአማርኛም አድማጭ ግሱ እስኪደርስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ "ልጁን እባብ" ሲባል "ነደፈው" ሳይባል ልቡ ይደነግጣል።

ቋንቋ ለመልመድ የሚያልፍ ዕድሜ አለ?

የመጀመሪያ ቋንቋን በተመለከተ አለ፤ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ግን አንድ ቀን ተቆርጦ አልተቀመጠም። ኤሪክ ሌነበርግ እ.ኤ.አ. በ1967 ሐሳቡን ካቀረበ ወዲህ ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ የመጣው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ነው። በኒካራጓ ዋና ከተማ በማናጓ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ፣ ማንም ሳያስተምራቸው እርስ በርስ የራሳቸውን የምልክት ቋንቋ ፈጠሩ። በልጅነታቸው የገቡት ሰዋስውን አበለጸጉት፤ ትልቅ ሆነው የገቡት ግን እዚያ ደረጃ አልደረሱም።

ድምፅን መለየት ከሁሉ ቀድሞ ይጠብባል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ የካናዳ ሕፃናት በስድስትና በስምንት ወር መካከል ከአንድ ነባር የካናዳ ሕዝብ ቋንቋ ሁለት ድምፆችን ይለዩ ነበር፤ አንዱ የእኛን "ቀ" የሚመስል፣ ሌላው ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከእንጥል አካባቢ የሚወጣ ነው። አንድ ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ መለየቱን ትተውታል። ሁለተኛ ቋንቋ ግን በየትኛውም ዕድሜ ይለመዳል፤ አዋቂ መጀመሪያ ላይ ከልጅ ሊፈጥንም ይችላል። የሚያስቸግረው እንደ ተወላጁ አድርጎ መናገሩ ነው።

አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የጠፋውስ ይመለሳል?

የሚሰማ ልጅ ቋንቋው አልጠፋበትም፤ የመናገር ምክንያት አጥቷል። ወላጁ እንግሊዝኛ እንደሚገባው እያወቀ ልጁ አይደክምም። እንግሊዝኛ ከማትሰማ አያት ጋር ሁለት ወር የከረመ ልጅ ሲናገር ያዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። በቁጣ "በአማርኛ መልስ" ከማለት ይልቅ አማርኛ የግድ የሚሆንበትን ሁኔታ መፍጠር ይሻላል፦ ከአያት ጋር የስልክ ወሬ፣ አብሮ ወጥ መሥራት፣ ከእኩዮቹ ጋር ጨዋታ።

በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው፤ ንግግሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የካናዳ ጥናት ከቻይና በሕፃንነታቸው ተወስደው በፈረንሳይኛ ብቻ ያደጉ ልጆችን አእምሮ ሲመረምር፣ ቻይንኛውን ፈጽሞ ባያስታውሱም የቃልን ትርጉም ለሚለየው የቻይንኛ የድምፅ ከፍታ የሰጡት ምላሽ ቻይንኛ ከሚናገሩት ልጆች ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። ቃላቱ ሄደዋል፤ ጆሮው ግን የሰማውን ይዟል። እንዲህ ያለ ሰው በሃያና በሠላሳ ዓመቱ አማርኛ ሊማር ሲመጣ አስተማሪው ከፊደል ገበታው በፊት ጥቂት ሳምንታት በወሬና በዜማ፣ በ"ቀ" እና በ"ከ"፣ በ"ጠ" እና በ"ተ" ልዩነት ላይ ቢያቆየው መልካም ነው።